ከጆሮ ተወስዶ ለዓይን ቆብ፦ በትራኮማ የተጎዳን ዓይን መልሶ የመገንባት ቀዶ ሕክምና

ወረንጦ በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ የእሾህ ማውጫ መሣሪያ ነው። ሰሜን ሸዋን ጨምሮ በአማራ ክልል በርካታ አካባቢዎች ግን ሌላም አገልግሎት አለው። ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይንን ብሌን የሚወጋውን የሽፋሽፍት ፀጉር ለመንቀል እናቶች ይጠቀሙበታል። የተነቀለው ፀጉር በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። አዲስ የበቀለው ደግሞ አጭርና ጠንካራ በመሆኑ ከቀድሞው የባሰ ይወጋል። ስለዚህ ወረንጦው ከአንገት ክር ወይም ከመቀነት ጫፍ አይለይም።

ይህ ችግር ሥር የሰደደ ትራኮማ የሚያስከትለው የመጨረሻ ደረጃ ነው። በሕዝቡ ዘንድ "የዓይን ማዝ" በመባል የሚታወቀው ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ አማካኝነት የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ በዋነኛነት የሚያጠቃው ሕፃናትን ነው። ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በልብስ፣ በጋራ መኝታና በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ መያዝ ብቻውን ዓይንን አያጠፋም። ጉዳቱ የሚመጣው በልጅነት ዘመን ደጋግሞ በመያዝ ነው። እያንዳንዱ ብግነት በላይኛው የዓይን ቆብ የውስጥ ልባስ ላይ ጥቂት ጠባሳ ትቶ ያልፋል፤ ጠባሳውም በዓመታት ብዛት እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሽፋሽፍቱ አብሮ ይታጠፍና ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ጥርት ያለውን የዓይን ፊት፣ ኮርኒያ የሚባለውን ክፍል፣ ይፍቃል። የተፋቀው ኮርኒያ ይቆስላል፤ ቁስሉም ሲድን ነጭ ጠባሳ ይሆናል። በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን በአብዛኛው አይመለስም።

በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት የችግሩን ስፋት በግልጽ አሳይቶ ነበር። በወቅቱ ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 40.1 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ የነበረባቸው ሲሆን፣ በአማራ ክልል አኀዙ 62.6 በመቶ ደርሶ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው በአገር ደረጃ 3.1 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 5.2 በመቶ ነበሩ። ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ይኸው ነበር። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በብዛት እንደሚጠቁ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች ያረጋገጡት ሲሆን፣ ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የታመመውን ሕፃን አቅፋ የምታድረው፣ ዓይኑን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው እናት ወይም ታላቅ እኅት ናት።

መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ በአንድ ዞን ውስጥ ይገኙ እንጂ የመልክዓ ምድር አቀማመጣቸው እጅግ የተለያየ ነው። የጓሳ ሣር የሚበቅልበት የመንዝ ራስጌ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ብርዱን ለመቋቋም ከበግ ፀጉር ባና የሚሠራውና በርኖስ የሚለበሰው በዚያ ነው። ቁልቁል ሲወረድ የጀማና የወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች ሞቃታማ ቆላ ናቸው። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች ትራኮማ ከፍታው በጨመረ መጠን እየቀነሰ እንደሚሄድ ያመለክታሉ፤ ዝንቡም በሽታውም ከሞቃታማው አካባቢ ጋር ይስማማሉና። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን መከላከያ አይሆንም። በብርዳማው ደጋ ልጆች ጠዋት ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ይፈራሉ፤ ውኃውም ቢሆን በእንስራ ከሩቅ የሚቀዳ በመሆኑ ከመጠጥና ከወጥ ተርፎ ለፊት መታጠቢያ እምብዛም አይደርስም። ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ቤት ጭሱና እበቱም ተጨማሪ ችግር ነው።

ሽፋሽፍቱ ለታጠፈ ሰው የሚሰጠው መደበኛ ሕክምና ቀላል የሚባል ቀዶ ሕክምና ነው። የዓይን ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። ለዚሁ ተብለው የሠለጠኑ ነርሶችና ሌሎች መካከለኛ የጤና ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያከናውኑታል። በዓይን ቆብ ውስጥ ታርሰስ የሚባል ጠንከር ያለ ደጋፊ ሰሌዳ አለ። በላይኛው ቆብ መካከል ላይ ቁመቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ሰሌዳ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆርጥና የታችኛውን ቁራጭ ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋዋል። ሽፋሽፍቱ ከኮርኒያው ይርቃል። ሕመምተኛዋ በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣላት ለዓመታት የለመደችው ውጋት እንደሌለ ትረዳለች።

አቆራረጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቆዳውንና ሰሌዳውን በአንድነት ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ቆዳውን ሳይነካ ከውስጥ በኩል ሰሌዳውን ብቻ ይቆርጣል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለመለየት በአማራ ክልል 1 ሺህ ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆኗል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሽፋሽፍታቸው ተመልሶ የታጠፈባቸው በመጀመሪያው ዘዴ ከታከሙት 22 በመቶ፣ በሁለተኛው ዘዴ ከታከሙት ደግሞ 13 በመቶ ነበሩ። ቀደም ሲል በወላይታ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አዚትሮማይሲን የተሰኘ መድኃኒት ተመልሶ የመታጠፉን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁለቱም ጥናቶች በአገር ውስጥ ተካሂደው ለዓለም የተረፉ ናቸው።

ከሁለቱ አኀዞች የተሻለው እንኳ 13 በመቶ መሆኑ ግን ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው። በተሻለው ዘዴ ከታከሙት 100 ሰዎች 13ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ወረንጦው ይመለሳሉ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል የሚበዙት በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላሉ። ለጥቂቶቹ ግን ይህ አይሆንላቸውም። ታርሰሱ በበሽታው ራሱ ተኮማትሯል፤ በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ተቆርጧል፤ በሁለተኛው እንደገና ተቆርጧል። 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ሰሌዳ አጥሮ፣ ተጣሞና ሳስቶ ሊዞር የሚችል ነገር አይቀረውም። ቆቡ ከማጠሩ የተነሣም ሲተኙ ዓይን ሙሉ በሙሉ አይከደንም። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፤ የደረቀው ደግሞ ይቆስላል። እንዲህ ያለውን ዓይን ለሦስተኛ ጊዜ መቁረጥ የባሰ ጉዳት ያስከትላል። የሚያስፈልገው የጎደለውን መተካት ነው። የጆሮ ልም አጥንት አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ጆሮ ለዚህ አገልግሎት የሚመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። በጆሮ ውጫዊ ክፍል ቆዳ ሥር ያለው ልም አጥንት ውፍረቱ ከዓይን ቆብ ሰሌዳ ጋር ይቀራረባል፤ እንደ እሱም የሚታጠፍና የሚመለስ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ያለው በመሆኑ ከዓይን ኳስ ክብነት ጋር ይስማማል። ልም አጥንት በውስጡ የደም ሥር የለውም። ምግቡንና ኦክስጅኑን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው አካል ቀስ እያለ ሰርጎ ከሚገባ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከቦታው ተነቅሎ በሌላ ቦታ ሲተከል እንደ ሥጋ ወይም እንደ ቆዳ ደም እስኪደርሰው ድረስ አይሞትም። ከራሱ ከታካሚው አካል የተወሰደ በመሆኑም ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ አይገፋውም፤ ከሌላ ሰው በሚወሰድ አካል የሚተላለፍ በሽታም አያሰጋም። ዓመታት ካለፉ በኋላም መጠኑ እምብዛም አይቀንስም።

አወሳሰዱ እንደሚከተለው ነው። ቀዶ ሐኪሙ በመጀመሪያ ለቆቡ የሚያስፈልገውን ርዝመትና ቁመት ይለካል። ከዚያም የአካባቢ ማደንዘዣ፣ የደም መፍሰስን ከሚቀንስ አድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ፣ በጆሮው ቆዳና በልም አጥንቱ መካከል ይወጋል። ፈሳሹ የሚያገለግለው ለማደንዘዝ ብቻ አይደለም፤ ቆዳውን ከልም አጥንቱ እያነሣ ስለሚለየው ግማሹን ሥራ ያቃልላል። የሚወሰደው ቁራጭ ከጆሮ ቀዳዳ ዙሪያ ካለው ጎድጓዳ ክፍል ወይም ከውጭኛው ጥቅል ጠርዝ ሥር ካለው ረጋ ያለ ገንዳ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቆዳው የሚከፈተው በጆሮ ጀርባ ነው፤ ጠባሳው ከፊት ለፊት እንዳይታይ። ልም አጥንቱ ከጀርባ ከተቆረጠ በኋላ የፊቱ ቆዳ ሳይበሳ በጥንቃቄ ይለያል።

እዚህ ላይ የማይታለፍ ሕግ አለ። የጆሮን ቅርጽ የያዘው የውጭው ጥቅል ጠርዝ ነው፤ እርሱ መነካት የለበትም። ከጠርዙ አጠገብ ሲወሰድም ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ልም አጥንት በቦታው ይተዋል። ይህ ከተጠበቀ ጆሮው ይቆማል፤ ማንም ቁራጭ እንደተወሰደበት አያውቅም። ካልተጠበቀ ግን ጆሮው ይጨማደዳል ወይም ይወድቃል።

ቁራጩ ከተወሰደ በኋላ ቆዳው ይሰፋና ከፊትና ከኋላ በቅባት የራሰ ጥጥ ወይም ጎዝ ተደርጎበት፣ ክር ጆሮውን አሳልፎ ጥጡን ከሁለት በኩል አጥብቆ ይይዘዋል። ይህ እሽግ ለቀናት ይቆያል። ተራ ፋሻ ቢመስልም ሥራው ከባድ ነው። ልም አጥንቱ በተወሰደበት ባዶ ቦታ ደም ከተጠራቀመ ጆሮውን ያሳብጠዋል፤ ሳይወገድ ቢቆይ ደግሞ ወደ ጠንካራ ጠባሳ ተለውጦ ጆሮውን ያበላሸዋል። ተሕዋስያን ከገቡም የተረፈው ልም አጥንት መርቀዝ ሊጀምር ይችላል፤ የልም አጥንት ምርቀዛ ደግሞ ደም ስለማይደርሰው በመድኃኒት ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ነው። ከጆሮው የሚያፈስ፣ በጆሮው አካባቢ የቆዳ ቁስል ያለበት ወይም ከዚህ ቀደም ሌላ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሌላኛው ጆሮው ይታያል። ጉትቻ መበሳት ግን ምንም ችግር አይፈጥርም፤ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ለስላሳ ጫፍ ልም አጥንት የለውምና።

በሕመምተኞች ዘንድ የመስማት ችሎታ ይቀንስ ይሆን የሚል ስጋት መነሣቱ የሚጠበቅ ነው። የመስማት ተግባር የሚከናወነው ከታምቡር ጀምሮ ባለው የውስጥ ክፍል በመሆኑ፣ ከውጭኛው ጆሮ ቁራጭ ልም አጥንት መውሰድ መስማትን አይነካም። ይህን ቀድሞ በግልጽ አለማስረዳት ግን ሕመምተኛዋ ከቀዶ ሕክምናው በር ላይ እንድትመለስ ሊያደርጋት ይችላል።

ከጆሮ የተወሰደው ልም አጥንት እንዳለ አይተከልም። በምላጭ ይሳሳል፤ በተለካው መጠን ይስተካከላል። ከዚያ የተጎዳው ቆብ ከውስጥ በኩል ይከፈትና ጠባሳው ይለቀቃል፤ የተኮማተሩት ክፍሎች ተላቀው ሲራራቁ በመካከላቸው የሚፈጠረው ክፍተት በልም አጥንቱ ይሞላል። ስፌቱ ራሱ ሟሟ በሆነ ክር የሚሠራ ሲሆን፣ የክሩ ቋጠሮ ወደ ዓይን ኳስ እንዳይዞር ይቀበራል። አንዲት የተረሳች ቋጠሮ ሽፋሽፍቱ ያደርስ የነበረውን ጉዳት ራሷ ልታደርስ ትችላለችና። ልም አጥንቱን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በአንደኛው ገጽ ላይ ሳይላጥ እንዲቀር የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ። በሳምንታት ውስጥ ከዙሪያው ያለው የቆቡ እርጥብ ልባስ በላዩ ላይ እየተስፋፋ ሲያለብሰው ይህ ሽፋን ሥራውን ያቀልለታል።

የዘዴው ደካማ ጎንም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የጆሮ ልም አጥንት የራሱ እርጥብ ልባስ የለውም። እስኪለብስ ድረስ ደረቅ ገጹ ኮርኒያውን ሊፈትግ ይችላል፤ በተለይ በላይኛው ቆብ ላይ፣ በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ወደ ታችና ወደ ላይ የሚንቀሳቀሰው እርሱ ነውና። በዚህ ምክንያት ልም አጥንቱ ይበልጥ የሚመረጠው ለታችኛው ቆብ ድጋፍ ሲሆን፣ ለላይኛው ቆብ ከላንቃ ላይ የሚወሰድ ልባስ፣ ከከንፈር ውስጠኛ ክፍል የሚወሰድ እርጥብ ቆዳ ወይም ከጤናማው ሌላኛው ዓይን ቆብ የሚቆረጥ የታርሰስ ቁራጭ አማራጮች ናቸው። የላንቃው ጠንካራም እርጥብም በመሆኑ ሁለቱን ጥቅሞች ያጣምራል፤ ነገር ግን አፍ ውስጥ ቁስል ጥሎ ለቀናት ምግብ መብላትን ያስቸግራል። ከሌላኛው ዓይን መውሰድ ደግሞ ትራኮማ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ስለሚያጠቃ በእነዚህ ታካሚዎች ላይ እምብዛም አይቻልም። ምርጫው የሐኪሙና የቆቡ ሁኔታ ጉዳይ ነው፤ አንዱን ዘዴ ለሁሉም ማዘዝ አይቻልም።

ዘዴው የሚያገለግለው ለትራኮማ ተጠቂዎች ብቻም አይደለም። በዓይን ቆብ ላይ የወጣ ነቀርሳ ተቆርጦ ሲወጣ የሚቀረውን ክፍተት ለመሙላት፣ በቃጠሎ የተጎዳን ቆብ ለመጠገን፣ የፊት ነርቭ ሥራ ሲያቆም ወደ ታች የሚወርደውን የታችኛውን ቆብ ለመደገፍም ያገለግላል። የመጨረሻው ችግር በሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ዘንድም ይታያል። በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በሽታው ጆሮን ራሱን ሊያጠቃ መቻሉ ነው፤ ከመውሰድ በፊት ጆሮው ንጹሕ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ይህን ሥራ መሥራት የሚችለው የዓይን ሐኪም ከሆነ በኋላ በዓይን ቆብና በዙሪያው ቀዶ ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በአገሪቱ ጥቂት ሲሆኑ፣ የሚገኙትም በዋነኛነት በአዲስ አበባ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባሉ ተቋማትና በትላልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ነው። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ላይ ያለ ጤና ተቋም የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ሊሠራ ይችላል። በዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል አቶ ካርል ሃይንዝ በም በመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ድጋፍ የተገነባ ሲሆን፣ ለመርሐ ቤቴና ለአጎራባች ወረዳዎች የቅርብ መድረሻ ሆኗል። ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰ ቆብ ግን ከዚያ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መላክ ይኖርበታል።

ጉዳዩ የጤና ባለሙያው ብቻ አለመሆኑ የሚታየው በዚህ ጉዞ ላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነች እናት ደረጃውን ጠብቃ በሪፈር ከሄደች የሕክምናው ወጪ ሊሸፈንላት ይችላል። የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ፣ ዓይኗ ታሽጎ መንገድ ስለማታይ ደግሞ አብሮ የሚሄደው ሰው ወጪ ግን ከቤተሰቧ ኪስ ነው። ከጆሮ ተወስዶ ለሚደረግ ሕክምና የጆሮው እሽግ እስኪፈታ፣ የዓይኑም ሁኔታ እስኪታይ አንድ ሳምንት ያህል በአቅራቢያ መቆየት ያስፈልጋል። ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በመድኑ የማይሸፈን በመሆኑም "ፕላስቲክ ሰርጀሪ" የሚለው ስም በሰነድ ላይ ሲታይ የተሳሳተ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። የዓይን ቆብን መልሶ መገንባት የዓይንን ብርሃን የማዳን ሕክምና ነው፤ ይህንን ልዩነት ማወቅ ማስረጃውን ለሚጽፈው ጤና ጣቢያም ሆነ ለሚያጸድቀው የመድን ሠራተኛ ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ሪፖርት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁትን ሰዎች በአጭር ጊዜ ለማከም የተፋጠነ መርሐ ግብር በጀመረበት ወቅት ቁጥራቸው ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። እንዲህ ያለ ዘመቻ የሚለካው በተሠራው ቀዶ ሕክምና ብዛት ነው፤ ብዛቱም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የታከመ ሰው በማግሥቱ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ እንዲታይ ይመክራል። ሦስተኛው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ነው። በወረዳ ሪፖርት ላይ "የታከሙ" የሚል አምድ አለ፤ "ከ6 ወር በኋላ ታይተው ሽፋሽፍታቸው ያልተመለሰባቸው" የሚል አምድ ግን ከሌለ፣ 13ም ይሁኑ 22፣ የተመለሰባቸው ሰዎች የትም አይታዩም። ወደ ጆሮ ልም አጥንት የሚደርሱት ሰዎች የሚወጡት ከእነዚህ መካከል ነው። በ6ኛው ወር የተደረሰበት ትንሽ መታጠፍ በቀላሉ ይታረማል፤ በ6ኛው ዓመት የተደረሰበት ግን ኮርኒያውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት በሚያደርጉት ጉብኝት የታከሙትን ሰዎች ስም ይዘው ቆቡን ቀና አድርገው ቢያዩ ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቃቸውም።

የበሽታውን ምንጭ በማድረቅ ረገድ ሥራው ለረጅም ጊዜ ሲካሄድ ቆይቷል። ቀዶ ሕክምናን፣ መድኃኒትን፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ንጽሕናን ያጣመረው ስልት ሥራ ላይ ውሎ፣ በአማራ ክልል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በካርተር ማዕከልና በላየንስ ክለብ ድጋፍ "ማልትራ" በመባል የሚታወቀው የወባና የትራኮማ ሳምንት ሲካሄድ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፋይዘር በነፃ የሚለግሰውን አዚትሮማይሲን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲወስድ ተደርጓል። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ በደረሰበት ወቅት በርካታ የጤና ተቋማት ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግርም የመድኃኒት ዕደላንና የሪፈር ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2002 ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸው የነበሩት 7.6 ሚሊዮን ሰዎች ከ20 ዓመት በኋላ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የመጀመሪያዋ በመሆን ትራኮማ የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን መወገዱ ተረጋግጦላታል፤ ጋምቢያ፣ ቶጎ፣ ማላዊ፣ ቤኒንና ማሊ ተከትለዋታል። ለዚህ ማረጋገጫ ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ንቁ ትራኮማ ከ5 በመቶ በታች፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ በጤና ተቋማት የማይታወቅ የሽፋሽፍት መታጠፍ ከ0.2 በመቶ በታች መሆን አለበት። "በጤና ተቋማት የማይታወቅ" የሚለው አነጋገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ታክሞ የተመለሰበት ሰው በመዝገብ ከተያዘና ተገቢው ሕክምና ከቀረበለት ችግሩ የሚታወቅ ነው፤ መዝገብ ከሌለ ግን የዓይኑ ጉዳት ሳይታወቅ ይቀራል።

በደጋማው ሰሜን ሸዋ ለቀዶ ሕክምና የሚመቸው ጊዜ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። መንገዱ ደርቋል፤ የአውድማው ሥራ ቀልሏል፤ ታካሚዋን አጅቦ የሚሄድ ወንድም ወይም ልጅም ይገኛል። ከጆሮ ተወስዶ ለሚደረገው ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላኩ ሰዎች ስም ዝርዝር ከወረዳ ወደ ዞን የሚተላለፈው ከጥር በፊት ከሆነ ቀጠሮው በዚያው በጋ ሊደርስ ይችላል። ከግንቦት በኋላ የተላለፈ ስም ግን ክረምቱ አልፎ፣ ሰብሉ እንደገና እስኪሰበሰብ ይቆያል። እስከዚያው ድረስ የሚሠራው ወረንጦው ነው።